ምንም የሌለበት ፎቶ

ሐሙስ የአጥንት ቀን ነው። በክራንች፣ በዱላ፣
በባጃጅ ተጭኖ፣ በልጅ ተደግፎ፣ አንዱ ባንዱ ኋላ
ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከራጅ ክፍሌ ደጃፍ ሰው ይደረደራል፤
መብራት የሄደ ለት፣ ጄኔሬተር እስኪነሣ ግድግዳ ይቆጥራል።

ጋሽ አንሙት መጀመሪያ የመጣው በቃሬዛ ነበር፤
ከጣሪያ ላይ ወድቆ፣ ቆርቆሮ ሲመታ፣ ቡሬ መንገድ ዳር።
ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሯል። አናጢ ነው፣ ስድሳ ሊሞላው፤
"እግሬን ተዉት" ይላል፣ "መጋዜ የታለ? ማን አነሣው?"

ሁለት ብሎን አሰሩለት፣ ከጥፍር ብዙ የማይረዝም፤
"ማግኒዥየም ነው፣ ይሟሟል" አለው ሐኪሙ፤ "ማውጣት አያስፈልግም፣
አጥንትህ ሲጠና እሱ ቀስ እያለ ይሄድልሃል።"
ጋሽ አንሙት ጣራውን አየ። "ብሎን" አለ፣ "ይሟሟል?
አርባ ዓመት ብሎን ሳስር ዝጎ፣ ላልቶ፣ ተሰብሮ አውቃለሁ፤
እንደ ስኳር ሲሟሟ ግን፣ ይቅርታ አርግልኝ፣ መጀመሪያ አያለሁ።"

የማየው እኔ ነኝ።
አሥራ አንድ ዓመት፣ የእርሳስ ሽርጥ ታጥቄ፣ ከመስኮቱ ወዲህ፣
"ትንፋሽህን ያዝ፣ አትነቃነቅ"፤ ስናገር የኖርሁት ይህ።
ደንቡ ነው፦ እኔ አነሣለሁ፣ ሐኪም ያነበዋል፤
የታየኝ ነገር ከዓይኔ እስከ ምላሴ መንገድ ላይ ያድራል።

በመጀመሪያው ፎቶ
ነጩ እንደ ብረት አይጮኽም፤ የብሎኑ ጥርስ ግን ይቆጠር ነበር።
በስድስተኛው ሳምንት ዙሪያው ጠቆረ፣ ልክ እንደ ጎታ ሥር
አይጥ የፈለፈለችው።
መግል ይሆን? አልሁ። አጥንቱ ሸሽቶ ይሆን?
እጄ ማብሪያው ላይ ቀረ።
"ስምሽ ይታይሽ ነው" አለኝ ካልጋው ሆኖ፣ "ታዲያ ምን ታየሽ?"
"ሐኪሙ ይነግርሃል፣ ጋሼ።"
"አንቺ ባትነግሪኝም ነገረኝ እኮ ፊትሽ።"

ፎቶው ባሕር ዳር ተላከ። ሦስት ቀን ስልክ ጠበቅን።
ጋዝ ነው አሉ፤ ብሎኑ ሲሟሟ የሚተነፍሰው አየር፤
ትኩሳት ከሌለው አትንኩት፣ እየቆየ ይጠፋል።
ጋሽ አንሙት ሳቀ፦ "እኔን ትንፋሽ ስታስይዙኝ፣ እሱ ይተነፍሳል?"

ሐኪሙ ልጅ ነው፤ "ሰምና ወርቅ" ብሎ ሊያስረዳ ጀመረ፤
"ቅኔውን ለመሪጌታ ተወው፣ ካሳፎርማ ነው" አለና አሳጠረ።
"ጣውላ ትገጥማለህ፣ ትወጥራለህ፣ አርማታ ይፈስበታል፤
ሲደርቅ ትነቅለዋለህ። ባለቤቱ ሲገባ ምሰሶውን ያወድሳል፣
ጣውላውን ማን ያስታውሳል?
እኔ ይኼንን ነው ስሠራ የኖርሁት፣ ልጄ።"
የእርሳስ ሽርጤ ያን ቀን ከበደኝ። ሳላወልቀው ቆምሁ ከደጄ።

በስድስተኛው ወር ጥርሱ የለም። በዓመቱ
ዝናብ የነካው ደብተር ላይ የቀረ ጽሑፍ መሰለ፤
እሱ ያለ ምርኩዝ መጣ፣ በጉልበቱ።

ባለፈው ጥቅምት፣ ሁለት ዓመት ሲያልፈው፣ ፎቶዎቹን ደርድሬ
መብራቱ ላይ ሰቀልሁ። ፈለግሁ፣ በጣቴ ዞሬ፣
ከመጀመሪያው ለክቼ፣ "እዚህ ነበር" ባልሁበት
አጥንት ብቻ። መስመሩ እንደ እንጨት ቃጫ ያልፋል፣ ምንም ሳይቆርጥበት።
ብሎኑ የት እንደኖረ የማውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ።
ደንቡን ጣስሁ፦
"የለም፣ ጋሼ። አልቋል።"
ብዙ ዝም አለ። ካልሲውን አጠለቀ።
"እንግዲያው እሱን ስጪኝ።"
"የትኛውን?"
"ምንም የሌለበትን።"

አሁን በወርክሾፑ መስኮት ተለጥፏል፣ ጧት ፀሐይ በሚገባበት።
በዚያ ሳልፍ አየሁ፤ ለማጅ ልጆቹ ከበውት
"ምኑን ነው የሚያሳየው?" ይሉታል።
ከጆሮው ላይ የአናጢ እርሳሱን ይወስዳል፣
አጥንቱ ላይ ሁለት ነጥብ ያደርጋል፤
"እዚህ" ይላል፣ "እና እዚህ"።
ከዚያ በአውራ ጣቱ ይጠርገዋል።